ሥራ አስኪያጅ ማን ይሁን

ባህሪያ የአመራር ኮርሱን ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። ሰርተፊኬቷን በቡድናችን ቴሌግራም ላይ የለጠፈችው ራሷ ብትሆን ኖሮ ጉረኛ ናት ብዬ እገላገል ነበር። የለጠፈላት ግን ሾፌራችን የአብስራ ነው። ከሥሩ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው ጎረፈ። እኔም «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። እርር ድብን አልኩ።

«ጓሮ»ን የጀመርኩት እኔ ማራኪ ነኝ። የጫኖ መንደር ገበሬዎች ሙዛቸውን ለደላላ ከሚሰጡ በስልክ ያስመዝግቡ፣ እኛ አዲስ አበባ ካለ ገዢ ጋር እናገናኛቸው የሚለው ሐሳብ የእኔ ነው። መተግበሪያውን የሠራሁት እኔ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ። ባህሪያ በኋላ ነው የመጣችው። አባቷ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ጅምላ አከፋፋይ ናቸው፤ ከባንኮኒ ኋላ ስላደገች ሰው ማነጋገር ትችልበታለች ብዬ፣ አብሮ አደጌም ስለሆነች፣ ግማሽ ድርሻ ሰጥቼ አስገባኋት።

በዚያ ሰሞን ትልቁ ገዢያችን የዓመት ውል ሊፈርም ሆነ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ሥራ አስኪያጃችሁ ማን ነው? ሁለታችንም ነን ብንለው አልተዋጠለትም፣ አንድ ሰው አምጡ አለ። እኛ፣ ሾፌራችን የአብስራና የጫኖ አምራቾች ተሰብስበን እጅ በማውጣት እንድንመርጥ ተስማማን። ለአመራር ኮርሱ በኦንላይን የተመዘገብነውም ለዚሁ ነው፤ ማናችንም ብንመረጥ እንድንችልበት። ቦታውን ምን ያህል እንደፈለግሁት አልደብቅም። ሌላ ሰው ቢይዘው የወለድኩትን ልጅ ጎረቤት ወስዶ ያሳደገብኝ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

የእኔ ትምህርት ግን አልገፋ አለ። መብራት ሲኖር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ሁለቱም ሲኖሩ ገዢው ይደውላል። ባህሪያ ቪዲዮዎቹን አስቀድማ ታወርድና ወደ ጫኖ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ማዳመጫ ሰክታ ትጨርሳቸዋለች። እኔስ ለምን እንዲህ አላደረግሁም? ስላልመጣልኝ ነው። እሱም አናደደኝ።

ይባስ ብሎ የተማረችው በሥራዋ ላይ መታየት ጀመረ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው የምትናገረው። የተሳሳተውን ለብቻው ጠርታ ታናግረዋለች። የአብስራ ሲያረፍድ እኔ ስጮህበት ኖሬ ምንም አልተለወጠም፤ እሷ ምን እንዳለችው እንጃ፣ አሁን ከእኔ ቀድሞ ይገኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የእሷ ዝምታ ዝንብ መከልከል ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሰበስብላት ጀመር።

አምስተኛው ትምህርት ላይ ስደርስ መላ አገኘሁ። ጎበዝ ሠራተኛን በሰው ፊት አመስግኑ፣ ሌላው ይነሳሳል ይላል መምህሩ። ባህሪያ ይህን ከተማረች ቆይታለች፣ ማንንም በአደባባይ ስታመሰግን ግን አላየሁም። ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ወር ከሁሉ የተሻለ ሙዝ ያስረከቡት እትዬ ዘርፈሽ ነበሩ። ፎቷቸውን በትልቁ አሳተምኩ፤ ከላዩም «የወሩ ምርጥ አምራች» አስጻፍኩበት። ጫኖ ሙዝ በምንረከብበት መጠለያ ላይ ልሰቅለው ነበር ያሰብኩት። ለባህሪያ ሳሳያት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው።

«እትዬ ዘርፈሽን ጠይቀሻቸዋል?» አለችኝ።

ቀናች ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ምቀኛ አታሳጣኝ አልኩና በነጋታው ሰቀልኩት።

እትዬ ዘርፈሽ ሲያዩት አልሳቁም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትንሽ ቆሙና ሙዛቸውን አስረክበው ሄዱ። በሚቀጥለው ርክክብ ቀሩ። ከዚያ በኋላም ቀሩ። ሌሎቹም ይነሳሳሉ ስል የሚያመጡት ሙዝ ቀነሰ። ምን እንደሆነ የገባኝ እትዬ ዘርፈሽ ማሳ ድረስ ሄጄ ነው። ጫኖ ውስጥ ማሳ የመስኖ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው። እትዬ ዘርፈሽ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ገበያ በወጡ ቀን ደግነት የሚባለው ጎረቤታቸው ቦዩን ከፍቶ ያጠጣላቸዋል፤ እሳቸውም ለእሱ እንዲሁ ያደርጋሉ። ፎቶው ከተሰቀለ ወዲህ ግን ምርጥ ከሆንሽ ብቻሽን አጠጪ ብሏቸዋል። የቀሩትም ጎረቤቶች ፊታቸውን አዙረውባቸዋል። የሙዙ ቅጠል ጠውልጎ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?» አሉኝ። «ከጎረቤት ለየሽኝ እኮ።»

 አፈርኩ፣ አዘንኩም። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ባህሪያ ስትሰማ ምን ትል ይሆን የሚለው ነው።

ባህሪያ አልወቀሰችኝም። ፎቶውን አወረደችና ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ለምና ደግነት ደጅ ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። እኔም ተከትያት ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ደግነት የእትዬ ዘርፈሽ መሞገስ ሳይሆን የእሱ ድካም መረሳቱ እንደቆጨው ተናገረ። ሌሎቹም የልባቸውን ተናገሩ። ሁሉም ሲጨርሱ ተነሳች።

«ያጠፋነው እኛ ነን» አለች። «እትዬ ዘርፈሽ ስቀሉኝ አላሉንም፤ ሳንጠይቃቸው ነው የሰቀልናቸው። እሳቸውን ይቅር በሏቸው አንልም፣ ያጠፉት የለም። እኛን ይቅር በሉን።»

እኛ አለች። ማራኪ አላለችም። ስሜን ብትጠራው ኖሮ እጠላት ነበር፤ መጥላት ደግሞ እንዴት ባሳረፈኝ። ደግነት፣ የነገው ተራ የእሳቸው ነው፣ ቦዩን እኔ እከፍተዋለሁ አለ።

ለምርጫው የተሰበሰብነው እዚያው መጠለያ ውስጥ ነው። መሸነፌን አውቄ ነበር የሄድኩት፤ የማስበው ሲያጨበጭቡላት ፊቴን ምን እንደማስመስል ብቻ ነበር። የአብስራ ከእኔ ጀመረ። ማራኪን የሚመርጥ እጁን ያውጣ አለ። ማንም አልተነቃነቀም። አንዱ አሳለ። እትዬ ዘርፈሽ ጉልበታቸውን ያያሉ።

«እሷ ባትጀምረው ኖሮ ማናችንም ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር» አለች ባህሪያ፤ እጇንም አወጣች።

ደግነት ባህሪያን አየና እጁን አወጣ። እትዬ ዘርፈሽ እሷን አዩና አወጡ። ከዚያ ሁሉም አወጡ። እጃቸውን ሲያወጡ የሚያዩት ወደ እሷ ነበር፤ ወደ እኔ ያየ አንድ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አመሰግናለሁ አልኩ። 

ባህሪያ መጥታ አቀፈችኝና እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ከልቧ ነበር። ምነው ከልቧ ባልሆነ።