የመርዶ ዋዜማ በሲኒማ ቤት

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይሕደጎ ቅዳሜ ጠዋት ደውለው "ርሆቦት ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?" አሏት። በእኛ ሰው ዘንድ "ብቻሽን ነሽ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ደግ ነገር ሰምቶ አያውቅም። አጎቷ ምሩጽ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ አዲስ አበባ ላይ ትናንት አርፏል። እናቷ ወይዘሮ ከብረት ግፊትም ስኳርም ስላለባቸው ብቻቸውን መስማት የለባቸውም፤ እሑድ ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው ሬንተን ከተማ ካለው ቤታቸው ድረስ መጥተው ያረዷቸዋል። እስከዚያ ስልካቸውን አደራ፣ ፌስቡኩን አደራ፣ ከሁሉ በላይ ፊትሽን አደራ ብለው ጋሽ ይሕደጎ ዘጉት።

እንግዲህ ሞት ቀን አይመርጥም፤ ግን ይቺን ቅዳሜ ባይነካት ምን ነበረበት? ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት አሮጌ ሲኒማ ቤት "ከግንቡ ውጭ" የሚባል የሮክ ሙዚቃ ፊልም በወር አንዴ ይታያል። ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ፊልም ነው፤ ዛሬ ግን ወዳጆቹ እያንዳንዷን ቃል በቃላቸው ይዘው፣ እንደ ተዋናዮቹ ለብሰው፣ ከስክሪኑ ፊት ቆመው አብረው እየዘፈኑ ይጫወቱታል። ድምፁ በዛ ተብሎ ከከተማው ግንብ ውጭ ስለተጣለ አንድ ባይተዋር ነው ታሪኩ። ርሆቦት በዐሥራ አራት ዓመቷ እዚህ ፈረንጅ አገር መጥታ፣ ትምህርት ቤት አብሯት ምሳ የሚበላ ሰው ባጣችበት ወራት ነው ያየችው። ባይተዋሩ ግንቡን ተደግፎ ሲዘፍን፣ በዚህ አገር የሚያውቃት አንድ ሰው አገኘች። ወደደችው ማለት ያንሳል፤ ታመመችለት። ስንት ጊዜ ከኋላ ከግንቡ ዘበኞች አንዷ ሆና ቆማ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይተዋሩን ራሱን ልትጫወት ነው። እናቷ ደግሞ ልጃቸው ኦቨርታይም የምትገባ ነው የሚመስላቸው።

ብትቀር ቦታውን የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ብትሄድ እናቷ ከስልካቸው ጋር ብቻቸውን ሊውሉ ነው፤ አንድ ቸኳላ የምሩጽን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጠፈ ማለት አለቀ። ሲኒማ ቤቱ ስልክ በር ላይ ይሰበስባል። ስለዚህ ወገቧን ታጥቃ "እማዬ፣ ዛሬ ፊልም ልጋብዝሽ" አለች። ወይዘሮ ከብረት አየት አድርገዋት፣ ጃኬታቸውን አነሡ።

መኪናቸውን ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አቁመው ባቡሩ ጋ ሲደርሱ፣ እዚያው ሱቅ ያላቸው እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከች አሉ። "ከብረትዬ፣ እግዜር…" ሲሉ ርሆቦት መሐል ገብታ አቀፈቻቸውና "ነገ ነው" ብላ በጆሯቸው ሹክ አለች። እትዬ ጥሩነሽ ክው አሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወሩ ጀመር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ወይዘሮ ከብረትም አዎ፣ ዘንድሮስ ዝናቡ በዛ አሏቸው።

ሲኒማ ቤት ደርሰው ርሆቦት እናቷን እዚሁ ተወልዳ ላደገችው ጓደኛዋ ለመክሊት አደራ ሰጥታ ልትለብስ ገባች። እንደ ባይተዋሩ ፊቷን አረንጓዴ ቀለም እየተቀባች ሳለ ነው አንድ ነገር ድንገት ትዝ ያላት። ፊልሙ መሐል ላይ፣ በግንቡ ቀዳዳ ዳቦ ያቀብለው የነበረው የባይተዋሩ ብቸኛ ወዳጅ ይሞታል። ለቀብሩ አያስገቡትም። ውጭ ቆሞ ይዘፍናል። ፊልሙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ የምትደግም ልጅ ይህን እንዴት ረሳችው? ራሷን ረገመች። እናቷን ከመርዶ አሸሻለሁ ብላ ቀብር ላይ አምጥታ አስቀምጣቸዋለች። ልታስወጣቸው ስትነሣ መብራቱ ጠፋ።

ከስክሪኑ ፊት ስትወጣ እናቷን ፈለገች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ አረንጓዴ ፊቷንና የቆዳ ሱሪዋን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጋ አጣች፤ ያም ይበልጥ አስፈራት። እየዘፈነች ልቧ እስከዚያ ቀብር የሚቀረውን ዘፈን ብቻ ይቆጥራል።

ደረሰ። በሩ ተዘጋ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ርሆቦት አፏን ከፈተች። እዚህ ላይ ሰዉ ብድግ ብሎ "ክፈቱለት!" እያለ በግንቡ ላይ መጮኽ የፊልሙ ወዳጆች ወግ ነው። ሰዉ ተነሣ። ወይዘሮ ከብረትም ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ወንድሜ! ምሩጼ! ወንድሜን!" አሉ። አዳራሹ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ የፊልሙ ወዳጅ አይቶ አያውቅም። አንዱ ደረቱን መታ፣ ሌላው ተከተለ፣ ወዲያው ያ ሁሉ ባለ ቀለም ፀጉር ሰው ከሳቸው ጋር ደረቱን እየመታ "ክፈቱለት!" ይል ጀመር።

ርሆቦት ዘፈኑን ትታ ወረደች፤ ባይተዋሩ ስክሪኑ ላይ ብቻውን ቀረ። እናቷን አቅፋ ማን እንደነገራቸው ጠየቀቻቸው። ትናንት ማታ ፌስቡክ ላይ ነው ያየሁት አሏት። ይሕደጎ እንደ ወጉ ሰው ሰብስቦ ሊያረዳኝ ሲደክም፣ አንቺም ጠዋት ፊትሽን በውሃ ስትፈትጊ እያየሁ፣ እንዴት አውቄያለሁ ልበል? እስከ ነገ በሆዴ እይዘዋለሁ ብዬ ነበር።

"ግን አፍሽን ስትከፍቺ የምሩጽ ድምፅ መጣብኝ" አሉ። "እሱም እንዲህ ነበር የሚዘፍነው፤ ጎረቤት እስኪቆጣ።"

እማዬ፣ ነዪ ቤት እንሂድ አለቻቸው። እጇን ያዟት።

"ቤት ሄጄ ምን ላደርግ? እዚያ የሚለቀሰው ነገ ነው። እዚህ ለምን አለቀስሽ የሚለኝ የለም። ሂጂ ጨርሺው፤ አንቺ ዝፈኚ፣ እኔ ላልቅስ።"

ተመልሳ ወጣች። ቀለሙ በእንባ ወርዶ አንገቷ ላይ ደርሷል፤ የቀረውን ዘፈነች። ወይዘሮ ከብረት የማያውቁት ሰው ሁሉ አብሯቸው ቆሞ፣ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ መብራቱ እስኪበራ አለቀሱ።

በር ላይ ስልካቸውን ተቀብለው፣ ፊታቸውን ጠራርገው፣ ጥቁር ልብሳቸውና ነጠላቸው ቤት ውስጥ የት እንዳሉ ጠየቋት። ከዚያ ክንዷን ያዙ።

"ነገ ሲያረዱኝ አጠገቤ ሁኚ" አሏት። "እወድቃለሁ፤ ያዢኝ።"