ፊት የሌላት ሴት

"ፊቷን ባዶ መተውህ!" አለ የሥዕል አዳራሹ ባለቤት፣ በዐውደ ርዕዩ እንግዶች መሐል ሸራው ፊት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ። "ነፍስ መልክ የላትም ማለትህ ነው አይደል? ነጭ ልብሷ ንጽሕና፣ የተከፈተው መስኮት ደግሞ የወዲያኛው ዓለም። አንተ ጉደኛ!"

ሰዓሊው ክው አለ። የምን ባዶ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚስቱን ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈሯ ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር ሥሏል። እርግጥ የእይታው መሐል ከጠፋ ስድስት ወር አልፎታል፤ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። ፊቷንም የሣለው በዓይኑ ሳይሆን ሠላሳ ዓመት በሠራበት እጁ ተማምኖ ነው።

አጠገቡ የቆመችውን ሚስቱን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

"ባዶ ነው እንዴ?"

ነጠላዋን አስተካከለች።

"አንቺን እኮ ነው!"

"ብሩሹን የቀለም ማቅጠኛው ዘይት ውስጥ ነበር የምትነክረው፣" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ፊቴን የጀመርክ ቀን ከቀለሙ ጋር ተምታታብህ፤ በዚያው ቀጠልክ።"

"እና ሦስት ሳምንት ዝም ብለሽ አየሽኝ?"

"እያፏጨህ ነበራ የምትሠራው! ካመመህ ወዲህ አፏጭተህ ታውቃለህ? ምን ብዬ ልንገርህ? አፌ እምቢ አለኝ።"

ሊቆጣት ፈለገ፤ ግን በማን ይፍረድ? ያቺ ምስኪን በባዶ ዘይት ስትሣል ወገቧ እስኪቆረጥ ተቀምጣለች።

የአዳራሹ ባለቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከች አለ። "ከሥሩ የሚለጠፍ ማብራሪያ ልጻፍ። ነፍስ ልበል ወይስ መንፈስ?"

"ሚስቴ ናት በል፣" አለ ሰዓሊው። "ዓይኔ ጠፍቷል፤ ፊቷን መሣል አቃተኝ። ይኸው ነው።"

"ዓይኔ ጠፍቷል! ወይ ጥልቀት!" ሰውየው እየተቻኮለ ጻፈ። "ቃል በቃል ነው የማሰፍረው። እንዲህ ዓይነት ሁለት ሦስት ሥዕል ትጨምርልኛለህ፣ እምቢ እንዳትለኝ።"

እውነቱን አውጥቶ ተናግሮም የሚሰማው አጣ። ሰውየው ወደ ሌሎች እንግዶች ሲሄድ ሚስቱ ጠጋ አለችው።

"እቀመጥልሃለሁ እኮ። ብሩሹን እኔ እየነከርኩ አቀብልሃለሁ።"

ወደ ድምጿ ዞረ። ጆሮዋንና የነጠላዋን ጫፍ አየ፤ ሌላው የለም።

"ተይው፣" አላት። "ለሥዕል የምትቀመጪበትን ወንበር ነገ ወደ ወጥ ቤት መልሺው።"