ከመጥመቂያው ደጅ

“ባሱ ጥሎኝ ሄደ አባ” አለች ናኢማ።

አብዱልሐሚድ ስልኩን ከማስቀመጫው ነቅሎ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከፊቱ የነበረው ታክሲ ወደ ፊት ተጠጋ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። የኋለኛው ክላክስ አደረገበት።

“የት ነሽ አሁን?”

“የነገርኩህ ትሪፕ ላይ። የወይን መጥመቂያው ደጅ ቆሜያለሁ። እየዘነበ ነው አባ፣ ኢትስ ፍሪዚንግ።”

ነፋሱ ድምጿን ይቆራርጠው ነበር።

ልጁ ለአንድ ሴሚስተር ፈረንሳይ ሄዳለች። ከክፍሏ ልጆች ጋር ቅዳሜና እሁድን አልዛስ የሚባል፣ ኮረብታው ሁሉ ወይን የሆነ አገር ሊዞሩ እንደሆነ ስትነግረው አኩርፎ ሰነበተ። በኋላ እናትየው ገብታበት ፈቀደ። ፈቀደ፣ ግን አስማላት።

“እግርሽ መጠጥ የሚጠመቅበት ቤት እንዳይገባ።”

“እሺ አባ።”

“ወላሂ በይ።”

“ወላሂ።”

ቃሏን ጠበቀች። ሌሎቹ ሊቀምሱ ሲገቡ ውጭ ቀረች። የዐስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ወደ ወይኑ ተክል ወጣ ብላ ሰገደች። ስትመለስ አውቶቡሱ የለም። የቀመሱት እየሳቁ ተሳፍረዋል፤ የጎደለ ሰው መኖሩን ያየ የለም።

“ደውይላቸዋ!”

“ደወልኩ፣ አያነሱም። ቴክስት አድርጌያለሁ። አባ፣ ባትሪዬ ቀይ ሆኗል፣ ሊዘጋ...”

ተቋረጠ። መልሶ ደወለ። የተቀዳ የሴት ድምፅ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ነግራው ዘጋች።

እዚህ አሜሪካ ገና ቀትር ነው፤ እዚያ እየመሸ ነው። ስልኩ ላይ ካርታውን ከፈተ። የልጁ ምልክት አረንጓዴ መሬት ላይ ቆማለች። ዙሪያዋን ከተማ የለም። በጣቱ እያሰፋ አየው። ቢያሰፋው አረንጓዴው ሰፋ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም።

የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ። ጓደኛው ይገዙ ነበር። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነው፤ እዚህ የኤርፖርት ታክሲ ማቆያ ውስጥ አብረው ያረጁ ናቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ ሞተህ ነው ወይስ ሰልፉን ገዝተኸዋል?”

“ናኢማን ጥለዋት ሄዱ።”

“የት?”

“ፈረንሳይ። የወይን ጠጅ መጥመቂያ ደጅ።”

ይገዙ ሳቁ መጣበት። የአብዱልሐሚድን ፊት ሲያይ መልሶ ዋጠው። በሌላው በር ገብቶ ተቀመጠ። አብዱልሐሚድ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረው።

“ታዲያ ሰው አለ አይደል እዚያ ቤት? ትግባና ትጠለል በላታ!”

“አስምዬአታለሁ።”

“አንተ ያስማልካት፣ አንተ ፍታት።”

“ልጅቱ ስልኳ ዝግ ነው እኮ፣ በምን ልፍታት?”

“ልጅ ናት እንጂ ሐውልት አይደለችም፤ ከበረዳት ትገባለች።”

“የኔ ልጅ አትገባም” አለ አብዱልሐሚድ። ይህን ሲል ኩራት ጀመረውና መሀል ላይ ፍርሃት ሆነበት። እንደማትገባ እርግጠኛ ነበር። ዝናብ ላይ ቆማ ትቀራለች እንጂ አትገባም።

“አየህ” አለ ይገዙ፣ “የኔዋ ስመኝ ብትሆን ይሄኔ ባለቤቱን አስነስታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ያልታዘዘ ልጅም ይጠቅማል።”

አብዱልሐሚድ አልሳቀም። ችግር ሲመጣ ዲኑ እንደሚያቃልል ያውቃል። ማንም ሼህ ሳይጠየቅ የሚመልሰው ነው። ግን ልጁን ያስማለው ለዲኑ ብቻ አልነበረም። ከዚህ ሆኖ እሷን የሚይዝበት ሌላ ነገር ስላልነበረው ነው።

ስልኩ ጮኸ። ተስገብግቦ አነሳው። ሚስቱ ሙፈሪሓት ከሥራ ነበረች።

“የናኢማ ስልክ ዝግ ነው፤ አንተ ጋ ደውላለች?”

“ደውላለች።”

“ደኅና ናት?”

“እየዞሩ ነው” አለ። ይገዙ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው ተራ አስከባሪ ለአብዱልሐሚድ እጁን አወዛወዘ፤ ተራው ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀው ተራ ነው። መንገደኛ ከጫነ ግን ስልክ አያነሳም።

“አንተ ሂድ” አለው ይገዙን።

“ተራህን ልትለቅ? መጨረሻ ትገባለህ እኮ!”

“ሂድ አልኩህ።”

ይገዙ ትከሻውን መታ አድርጎት ወረደ። አብዱልሐሚድ መኪናውን ዳር አስያዘ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። ምልክቷ አልተንቀሳቀሰችም። ዱዓ አደረገ። ደግሞ ደወለ። ያቺው ሴት መለሰችለት። ደግሞ ካርታውን አየ።

መጨረሻ ላይ እሷ ደወለች።

“አባ፣ አገኘኋቸው። ባሱ ዞሯል። ግን ሩቅ ሄደው ነበር፤ እስኪመለሱ ይቆያሉ።”

“አልሐምዱሊላህ! ዝናቡስ?”

“ይዘንባል።”

አዳመጠ። ቅድም ነፋሱ ድምጿን ሲቆራርጠው ነበር። አሁን ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከጀርባዋ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። ማንኪያ ሳሕን ነካ። አንዲት አሮጊት አንድ ነገር አለች።

“ስልክሽ ሊዘጋ አልነበር እንዴ?”



“ትንሽ... ትንሽ ቀርቶት ነበር።”

ስልክ ደጅ ላይ ቻርጅ አይደረግም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

“አባ” አለች፤ ድምጿ የሕፃንነቷን ሆነ፣ “የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናት። ግቢ እያለችኝ ነው። መጥመቂያው እታች ነው፣ ይሄ ኪችን ነው... ማለቴ፣ ኪችን አላቸው። ልግባ?”

አብዱልሐሚድ አፉን ከፈተ። “ገብተሻል እንዴ?” የሚለው ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ከታክሲ ማቆያው በላይ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አውሮፕላን ተነስቶ ደመና ውስጥ ገባ። እስኪጠፋ ድረስ አየው።

“ግቢ” አላት። “ጫማሽን በር ላይ ጥረጊ።”

“እሺ አባ።”

“ገባሽ?”

ወንበር ሲሳብ ሰማ። ርምጃ ሰማ። በር ተከፈተ፤ ዝናቡ ለአፍታ ጮኸ።

“ገባሁ።”

“በሩን ዝጊላቸው እንግዲህ፣ ብርድ እንዳይገባባቸው።”

በሩ ተዘጋ። አብዱልሐሚድ ሞተሩን አስነሳና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ዞረ።