አባባ የፈቱት ስፌት

አባባ ስፌቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቱብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። የመዘምራን ጋዋን ጠርዝ ሰፍቼ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ምላጭ አነሡ።

"ኢሊሊ፣ ይኼ እባብ ነው እንዴ? ወዴት ነው የሚጥመለመለው?"

"ቀጥ ያለ ነው፣ አባባ።"

"አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። ቀጥ ያለውን ለኔ ነው የምታሳዪው?"

ክሩን ፈትተው ራሳቸው ደግመው ሰፉት። የጠመመው ያኔ ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ ፈትቼ አቃናሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ፤ እኔ ቀጥ አድርጌ እሰፋለሁ፣ እሳቸው ፈትተው ያጣምማሉ፣ እኔ ተደብቄ አቃናለሁ። ደንበኛም አላወቀም፣ እሳቸውም አላወቁም። ያኔውኑ ብነግራቸው ኖሮ ሐኪም ዘንድ ቶሎ እንሄድ ነበር። እኔ ግን ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር።

ሱቃችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው፤ ሁለት ማሽን ከገባበት በኋላ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። አባባን፣ ማለትም ጋሽ ዱሬሳን፣ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በሁለት ነገር ነበር፤ በልብስ ስፌትና በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌነት። ሦስተኛውን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። አባባ ያጨሱ ነበር።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ "ቁልፍ ገዝቼ ልምጣ" ብለው ይወጣሉ። ከቦሰና ኪዮስክ ጀርባ ቆመው አንዷን ነጠላ ሲጋራ አጭሰው፣ ቅርንፉድ እያኘኩ ይመለሳሉ። ውሸት እንዳይሆንባቸው ቁልፉንም በእርግጥ ይገዛሉ። የመዘምራን ጋዋን ደግሞ ቁልፍ የለውም። ሱቃችን ውስጥ ቁልፍ የሞላ ሦስት ትልልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለ። እማዬ በሕይወት እያለች ታውቅ ነበር፣ አንድም ቀን አላነሣችም። እኔም ያወቅኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሸሚዛቸውን ሳጥብ ሲጋራ ሸቶኝ ነው፤ እኔም አላነሣሁም።

ዓይናቸው ሲደክም መጀመሪያ አምፖሉን ረገሙ፤ ተቀየረ። ከተክለ ሃይማኖት መንገድ ዳር መነጽር ገዙ፤ አልረዳቸውም። ኅዳር ላይ አንድ ሰው በመንገድ ሰላም ሲላቸው ፊቱን ማየት አቃታቸውና የዓይን ክሊኒክ ሄድን።

ዶክተሯ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት፣ በአራት ማዕዘን የተሰመረ ወረቀት ሰጠቻቸው። አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው እንዲያዩ ነገረቻቸው።

"መስመሮቹ እንዴት ናቸው፣ አባቴ?"

"ማነው ያሰመረው? ማስመሪያ ግዙለት እንጂ።"

ሳቀች። ወረቀቱን ለእኔ አሳየችኝ። ሁሉም መስመር ቀጥ ያለ ነበር። አባባ ፊቴን ሊያነብቡ ሞከሩ፤ ያን ጊዜ ይመስለኛል ስለ ስፌቱ የገባቸው።

ጥቃቅን ነገር የምናይበት የዓይን ጀርባ መሐሉ ተጎድቷል አለች። ግራው ጠባሳ ሆኗል፣ አይመለስም። ቀኙ ገና እየጀመረው ነው። ሁሉ ነገር ያለው በቀኙ ላይ ነው።

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ እሷ።

"እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እኮ ነኝ፣ የኔ ልጅ።"

"ጎሽ። የሚያጨሱ ቢሆን ከሁሉም በፊት እሱን ያቁሙ እልዎት ነበር። ይህን በሽታ ሲጋራ ያባብሰዋል።" ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ የምትጨምሪልኝ ነገር አለ?"

የቅርንፉዱ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

"የለም" አልኩ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አባባ ቁልፍ ሊገዙ ወጡ።

ቦሰና ዘንድ ሄጄ እንዳትሸጥላቸው ለመንኳት።

"እኔ ብከለክል ሌላ ሱቅ መች ጠፋ?" አለችኝ። "ይልቅ አንቺ ንገሪያቸው። ልጅ አይደለሽ?"

ልጅ ስለሆንኩ ነበር ያቃተኝ።

ዶክተሯ ያዘዘችላቸውን መድኃኒት በየቀጠሮው ወሰዱ። ሚያዝያ ላይ ቀኙም ሄደ። ጨለማ አልሆነባቸውም፤ መሐሉ ብቻ ጠፋ። "ጆሮሽ ይታየኛል፣ ፊትሽ ግን የለም" ይሉኝ ነበር። ማሽናቸውን ጨርቅ አለበስነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቆዩብኝ። ከኪዮስኩ ጀርባ አገኘኋቸው። ክብሪት ይጭራሉ፣ እሳቱ የሲጋራውን ጫፍ ስቶ ጣታቸውን ይለበልባቸዋል፣ ይጥሉታል፣ ሌላ ይጭራሉ። እግራቸው ሥር ስድስት ሰባት እንጨት ወድቋል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ሲጋራውን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። "ቁልፍ ልገዛ..."

"አውቃለሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።"

የክብሪቱን ቀፎ ወደ ኪሳቸው መለሱ።

"ታዲያ ለዶክተሯ ምነው ሳትነግሪያት?"

"እርስዎስ ለምን አልነገሯትም?"

"አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ?"

"እኔስ፣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው?"

ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሲጋራውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ አላጨሱም። እንዲህ ቀላል ነበር። አምስት ወር ዘገየን።

ባለፈው ጥር በሳንባ ምች አረፉ። መዘምራኑ እኛ የሰፋንላቸውን ጋዋን ለብሰው ዘመሩ። የፊተኛው ረድፍ ላይ የቆመችው መቅዲ ጋዋኗ ከታች ሞገድ ሠርቷል። ሳላቃናው ያመለጠኝ አንዱ ነው። ቀብሩ እስኪያልቅ ዓይኔን ከሱ አላነሣሁም።

ባለፈው ሳምንት መቅዲ ጋዋኑን ይዛልኝ መጣች።

"ኢሊዬ፣ ጠርዙ ጠሟል መሰለኝ፤ ታስተካክይልኛለሽ?"

ምላጩን አነሣሁ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። ጥንቅቅ ያለ ስፌት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ እኩል፣ መንገዱ ብቻ የሳተ።

"አባባ ናቸው የሰፉት" አልኳት። "ዓይናቸው ታሞ ነበር። ሲያጨሱ አውቅ ነበር፣ በጊዜው አልነገርኳቸውም።"

ምላጩን መልሼ አስቀመጥኩት። ጋዋኑን አጥፌ እንዳለ መለስኩላት።