የባልቴቷ ዳቦ ቤት

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ፤ ምላሷ ነው ስሙን ያወጣላት። ቀጠሮ ያፈረሰ ደንበኛ ሱሪውን ከመውሰዱ በፊት ልክ ልኩን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ለልጇ ሲሆን ግን አንጀቷ አይችልም። ልጅቱ ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ናት፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተናውን ካላለፈች ኮሌጅ የሚባል ነገር የለም። ፈተናው ደግሞ በአንድ ልብ ወለድ ላይ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ስባ ቁጭ ትልና ያነበበችውን ወደ አማርኛ እየፈታች ለእናቷ ትተርካለች። ታሪኩ ቤቷን ላለመሸጥ ስለምትታገል አንዲት ባልቴት ነው። መቀስ ባልቴቷን ወደደቻት። አንዱን ክፍል ያከራየችው ሰው ያታለላት ዕለት እንደ ጎረቤቷ ተቆጨችላት፤ ዚፕ ሊያስቀይር ለመጣው ሁሉም አወራችለት። «ዛሬስ ምን ሆነች?» እያሉ ያለ ሥራ ብቅ የሚሉም አልጠፉ።

አንድ ከሰዓት የእንግሊዝኛ መምህሩ ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ መጡ። መቀስ መቼስ ዝምታ አልፈጠረባትም። እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጨርቁን በስፒል እየያዘች፣ ባልቴቷ ቤቷን ሸጣ ዳቦ ቤት መክፈቷ አንጀቷን እንዳራሰው ነገረቻቸው። መምህሩ ግራ ገባቸው። መጽሐፉ ውስጥ ዳቦ ቤት የሚባል የለም፤ ባልቴቷም እዚያው ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ትሞታለች እንጂ አትሸጥም አሏት። መቀስ ክው አለች። ለፈተናው የቀረው አሥር ቀን ነው።

ልጅቱ ስትመጣ አልጮኸችባትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራት። የት ድረስ እንዳነበበች ብቻ ጠየቀቻት። ልጅቱ ጫማ ጫማዋን እያየች ተናዘዘች። መጽሐፉ ለክፍሉ በሙሉ አራት ብቻ ነው፣ ለአንድ ተማሪ አምስት ቀን። ተራዋ ሲያልፍ ገና እኩሌታው ላይ ነበረች፤ የቀረውን ከራሷ ነው የፈጠረችው።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እማዬ፣ መኪናውን አቁመሽ ትጠብቂኛለሽ። ስታቆሚ እያየሁ ‹አለቀ› ማለት አቃተኝ።»

መቀስ ከሥራዋ ቀና ብላ ሰው የምትሰማው ልጇ በዚህ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ብቻ መሆኑን ራሷም ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

የሰው ደጅ መጥናት የማትወደው ሴት በማግስቱ ሱሪውን ተኩሳ ራሷ ትምህርት ቤት ወሰደችው፤ የመምህሩንም የግል መጽሐፍ ለአራት ቀን ለመነች። ሰጧት። ሲሸኟትም ዳቦ ቤቱ የት ሰፈር እንደተከፈተ ፈራ ተባ እያሉ ጠየቋት።

ልጅቱ በአራቱም ቀን ከሰዓት በኋላ አነበበችላት፤ በዚህ ጊዜ አንድ ገጽ አልዘለለችም። በአራተኛው ቀን ባልቴቷ መምህሩ እንዳሉት ብቻዋን ሞተች። መቀስ ከንፈሯን መጠጠችና ጥቂት ሰፋች።

«ለፈተናው ይሄንኑ ጻፊ» አለች። «አንድ ነገር ከራስሽ እንዳትጨምሪ፣ ማርያምን እገልሻለሁ።»

«እሺ።»

ከዚያ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች። መኪናው ቆመ።

«በይ አሁን ያንቺን ንገሪኝ። ያ ተከራይ ዳቦ ቤቷ የመጣ ዕለት ምን አለችው?»