አስራ ዘጠኝ ደቂቃ

በመሥሪያ ቤት «ሚስተር ሁለት» እባል ነበር። ስሙን ያወጣልኝ ሹፌራችን ነው። ሥራዬ ከየገጠሩ በስልክ የሚመጣውን ወሬ ተቀብሎ ቅጽ መሙላት ነበር፦ የት፣ መቼ፣ ስንት የታጠቀ ሰው፣ ወዴት ያመራል። አንድ ወሬ «የተረጋገጠ» የሚል ማኅተም እንዲያርፍበት እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ሊናገሩት ይገባል። ማኅተሙ ካረፈ ሰላማዊ ሰዎችን እንዲጠብቅ ከብዙ አገር ተውጣጥቶ የተላከው ጦር ይንቀሳቀሳል። ካላረፈ መኪኖቹ ከጦር ሰፈሩ አይወጡም። ቀልዱ ቤቴም ገብቶ ነበር። ባለቤቴ «ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገባ» ትለኝና ቀና ሳልል ስቀር፣ «ቆይ ጎረቤታችንን ልጥራልህ፤ እሷ አትዛመደኝም» ትላለች።

በአምስት ዓመት ውስጥ የላክሁት አንድም ቅጽ ስህተት ነው ተብሎ አልተመለሰም። በዚህ እኮራ ነበር። ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዬ ግን አንድ ቀን የአማቱን ስልክ አምኖ ቅጽ ላከ። አርባ ወታደር ግማሽ ቀን ተጉዞ ሲደርስ ነገሩ የከብት ጠብ ሆኖ ተገኘ። «ለዘመዶቹ ጦር ያዘምታል» ተባለ፤ ወር ሳይሞላው ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አጎቴ ነበር፤ የእናቴ ወንድም፣ በአንድ የወንዝ ዳር ከተማ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር።

«አንተ ነህ? እሰይ! ድምፅህን ስሰማ ልቤ መለስ አለ» አለኝ።

እንደ አስተማሪ በተራ በተራ ነገረኝ። ከትናንት ጀምሮ ድልድዩ ማዶ አስራ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። የታጠቁት ሰዎች መለዮ የላቸውም። የቤቶች ዝርዝር ይዘው እየዞሩ ይጠይቃሉ። የላይኛው መንገድ ተዘግቷል። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቷል። ሁሉንም ጻፍኩ፤ አስር ደቂቃ አልፈጀም።

«ጋሼ፣ አንድ ሌላ ሰው ያቅርቡልኝ» አልኩት። «የማይዛመድዎ።»

«የማይዛመደኝ?» ሳቀ። «በዚህ ከተማ? ልጄ፣ እዚህ እኮ ውሻው ሳይቀር የአክስት ልጅ ነው።»

ያም ሆኖ ፈለገ። መጀመሪያ ነርሷን ሰጠኝ፤ የሚስቱ የእህት ልጅ ሆና ተገኘች። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጣ፤ ለካ አማቹ ነው። ቀጥሎ የሒሳብ አስተማሪው ተቀበለና «እኔ ከማንም አልዛመድም» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ወዲያው ከኋላው የሴት ድምፅ «አንተ ቀጣፊ! ያገባኸው የማንን ልጅ ነው?» ሲል ተሰማኝ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ግቢ፣ በዚያን ቀን፣ ሰው ሳቀ። ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ የምታቀብለው የአጎቴ ልጅ ነበረች። «የማይዛመደን ማን አለ? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የማይዛመደን!» ስትል ሰማኋት። በአስራ ዘጠነኛው ደቂቃ መስመሩ ጸጥ አለ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው።

በቅጹ ግርጌ «የመዝጋቢው አስተያየት» የሚል ሦስት መስመር ባዶ ቦታ አለ። መዝጋቢው ሁለተኛ ምስክር ባያገኝም ወሬውን ካመነው እዚያ ላይ ይጽፋል፤ አለቃው ካነበበው በኋላ ጦሩ እንዲንቀሳቀስ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽፌበታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለማላውቃቸው ሰዎች። ብዕሩን አንስቼ ነበር። ዓይኔ ከጎኔ ካለው ባዶ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ፤ ቅጹን «ያልተረጋገጠ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ገቡባቸው። ሐሙስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከመንገድ ላይ ደወለ፤ ከከተማው ሰው ከማንም አይዛመድም። ማኅተሙ ያረፈው ሐሙስ ነው። ጦሩም ሐሙስ ወጣና የሞቱትን ቆጠረ። አጎቴ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር።

ያቺ ስልኩን ታቀብል የነበረችው የአጎቴ ልጅ ከእኛ ቤት የገባችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ አንድ ሻንጣና ያንኑ ስልኳን ይዛ። እናቷ በሌላ ከተማ እህቷ ዘንድ ተጠግታለች። በመጣች ማግስት፣ ቁርስ ላይ፣ ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ወጥታ ሳለ፣

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትጠላኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ?»

«የሰኞውን ስልክ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። እሁድ ማታ ዘፈን ስሰማበት አመሸሁ። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን እንደሆነው እያወቅሁ! ቆርቆሮ ሠሪው ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ እሱን ሊጠሩት ሰው ሮጦ ነበር። አንድ ደቂቃ ቢቆይልኝ ኖሮ ሁለተኛ ሰው ታገኝ ነበር። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዳቦው በእጄ ላይ ነበር። እኔ ግን ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ ሆን ብለሽ አይደለም» አልኳት። ይቅር አልኳት ማለት ነው። እሷም እጄን ሳመች።

አራት ወር እንዲህ ኖርን። ልጆቼን ታስጠናለች፤ ከሥራ ስገባ ሻይ ታፈላልኛለች። ዘፈን ከተከፈተ ተነስታ ትወጣለች። ስልኳን ከሶኬት ላይ አትነቅልም፤ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰች ታየዋለች። «ይህች ልጅ ከሶኬቱ ጋር ምን አላት? ልንድርላት ነው እንዴ?» ትላለች ባለቤቴ። እናቷ ጋ በየእሁዱ ትደውላለች። አንድ ቀን በበሩ ሳልፍ የእናትየው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። «ምን ያስደውልሻል? ዘፈንሽን ስሚበት» አለቻትና ዘጋች። ልጅቷ ስልኩን በቀሚሷ ጠርጋ ሶኬቱ ላይ መልሳ ሰካችው። እኔም አለፍኩ።

ከዚያ አጣሪ ይመጣል ተባለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከች፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ ቢሮአችን ምን ያውቅ እንደነበር የምትጠይቅ ናት። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጄ ታሞ ሳለ መኪናውን የሰጠኝ እሱ ነው። ጠራኝና አንድ ወረቀት አሳየኝ። «ሰኞ ዕለት የደረሰው ጥሪ በደዋዩ ስልክ ባትሪ ማለቅ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተቋርጧል» ይላል።

«ውሸት አለበት?» አለኝ።

«የለበትም» አልኩት።

የባትሪውን ነገር ከማን እንደሰማው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጅቷ ከመጣች በኋላ ለቅሶ ሊደርሰኝ ቤቴ የመጣ ዕለት የነገርኩት እኔው ነኝ።

«እንግዲያው ልጅቷን ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘሃት ና። ትፈርማለች፤ ጉዳዩ ይዘጋል። ለእሷም የሆነ ድጋፍ እንፈልግላታለን።»

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። የባለቤቴን ጃኬት ለብሳለች፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ፊርማዬ እኮ የዶሮ ጭረት ነው፤ እንዳላሳፍርህ» አለችኝ ደረጃውን ስንወጣ።

«አታሳፍሪኝም።»

«ደግሞ ደስ ብሎኛል። ቢያንስ ጥፋቴን በአደባባይ እናገራለሁ።»

ሁለተኛ ፎቅ ደረስን።

አጣሪዋ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ቋንቋችንን ቀስ እያለች ትናገራለች። አለቃዬ ከጎኗ ተቀምጧል። ቅጹ ፊቷ ላይ ተዘርግቷል።

«ስልኩ የማን ነበር፣ ልጄ?»

«የእኔ።»

«አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ለምን ተቋረጠ?»

«ባትሪው አለቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዘፈን ስሰማበት ነበር። የማይዛመደን ሰው ፈልጉ ተባልን፤ ልናገኝም ነበር፤ ሰውዬው እየመጣ ነበር። አንድ ደቂቃ ብቻ ጎደለ።»

አለቃዬ ወረቀቱን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገና ብዕር አቀበላት። እጅጌዋን ሰበሰበች። ስሟን የት እንደምትጽፍ በጣቷ ፈለገች። የመጀመሪያውን ፊደል ጀምራ ነበር።

«ተይው» አልኩ። «ያቺ ደቂቃ አታስፈልግም ነበር።»

«ይህን በኋላ ብንነጋገርበት…» አለ አለቃዬ።

«በቅጹ ግርጌ ሦስት መስመር አለ» አልኩ፤ የምናገረው ለአጣሪዋ ነው፣ ልጅቷን ማየት አልቻልኩም። «መዝጋቢው ካመነ ሁለተኛ ሰው ሳይጠብቅ ይጽፍበታል። የአጎቴን ቃል ገና በአምስተኛው ደቂቃ አምኜዋለሁ። ያላመንኩት አንድም ነገር አልነበረም። አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

«አጎቴ ስለሆነ። ለዘመዱ አደላ እንዳልባል።»

አጣሪዋ ቅጹን ገለበጠችው። ከጀርባው ማክሰኞ ጠዋት የተቀመጠ አጭር ፊርማ አለ።

«ይህ የማነው?»

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። «የእኔ ነው። ሳጥኑን በየጠዋቱ አያለሁ።»

«ያልተረጋገጡትም ዝርዝር በየማታው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።»

«ይላካል» አለ። «የሚቀበለው ማን እንደሆነ ግን…»

«የሚቀበለው የእኔ ክፍል ነው» አለች። ይህን ስትል ድምጿ አልተለወጠም፤ ግን ብዕሯን ከድና አስቀመጠችው።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት ቀለል አለኝ። ሦስት ሆንን አልኩ በልቤ፤ ከእኛ በላይም ሌሎች አሉ፤ መኪኖቹን ያቆሙት፣ ሕጉን ያወጡት፣ በየአገራቸው ስብሰባ ላይ የነበሩት። ሸክሙ ሲከፋፈል የኔ ድርሻ ያነሰ መሰለኝ። ቀና ስል ግን የአጎቴ ልጅ እያየችኝ ነው። እሷ የምታየው ሦስት ሰው አልነበረም።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሦስቱን መስመር መጻፍ።»

«አንድ ደቂቃ» አልኩ። «ቢበዛ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ብዕሩን ለአለቃዬ በሁለት እጇ፣ በትሕትና መለሰችለት። ወረቀቱ ላይ የተጀመረው ፊደል እንዳለ ቀረ። ከዚያ ተነስታ ወጣች። አጣሪዋ «ሂድ፣ ተከተላት፤ ከሰዓት ትመለሳለህ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንጽፈዋለን» አለችኝ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ፣ ከተደረደሩት ጎማዎች አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ጎማ ጠጋኙ «እህት፣ ጃኬትሽን ጥቁር እንዳይነካብሽ» እያላት ነው፤ አልሰማችውም።

«ያን ቀን ቁርስ ላይ ምን ታስብ ነበር?» አለችኝ። «አይዞሽ ስትለኝ።»

«ምንም። ፈራሁ።»

«ሻይህን ስሰጥህስ?»

«ያኔም።»

«እናቴ እኮ አታናግረኝም» አለች። «ታውቃለህ አይደል? ሰምተሃል። አንድ ቀን በበሩ በኩል ስታልፍ ጥላህን አይቼዋለሁ። ለእኔ አዝነህ ዝም ያልክ መስሎኝ ነበር፤ ጥሩ ሰው ነው አልኩ።»

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ለእኔ በኋላ» አለች። ስልኳን አወጣችና ደወለች። መጥራቱ ይሰማኛል። ረጅም ጊዜ ጠራ። በመጨረሻ የእናቷ የደከመ ድምፅ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ? እሁድ አይደለም» አለ። ልጅቷ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ተቀበልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ! አንተ ነህ እንዴ የኔ ልጅ!» ድምጿ ወዲያው ተለወጠ፤ ሞቀ። «እንዴት ነህ? ሚስትህ፣ ልጆችህ ደኅና? አንተ ባትኖር ያቺን ጅል ማን ይሸከምልኝ ነበር? አምላክ ውለታህን ይክፈልህ…»

የአጎቴ ልጅ ከፊቴ ቆማ፣ የረዘመባትን እጅጌ በጣቶቿ ይዛ፣ ትሰማለች።

«እትዬ፣ ያን ሰኞ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እኮ፣ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ፤ ተቋረጠብህ።»

«አልተቋረጠብኝም» አልኳት።

ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ እኛ ዞሯል። ስልኩን በጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ከአስራ አንዱ መኪና ጀምሬ እነግራት ጀመር።