በሥራ አስኪያጁ ልክ የተሰቀለ ኮርቻ

በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ብስክሌት ገዝተዋል።

ሰው ብስክሌት ቢገዛ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። እዚያ ቤት ግን እሳቸው ያደረጉት ሁሉ ይደረጋል። መነጽር መጠቀም የተዉ ዕለት ግማሹ ሠራተኛ ከግድግዳ ጋር ሲላተም ነው የዋለው። አሁንም ሳምንት ሳይሞላ በሩ ላይ ብስክሌት ተደረደረ። ሥራ አስኪያጁ መለሎ ናቸው፤ ኮርቻቸውም እንደ ቁመታቸው ሽቅብ ወጥቷል። አጭሩም ድንክዬውም ኮርቻውን በእሳቸው ልክ ሰቀለ። ዝቅ ያለ ኮርቻ የዓላማ ጉድለት ተደርጎ ቢታይስ?

በዚህ መሃል የቀን ፈረቃ ኃላፊው ጡረታ ወጣ።

«ቦታው ለጽኑ ሰው ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ቅዳሜ በብስክሌት ሐይቁ ድረስ እንሄዳለን። ያኔ እንተያያለን።»

አራሚው ይህን ሲሰማ ልቡ ቆመ። ዓመታት ሙሉ ሌሊት ሲያርም አድሮ ቀን ይተኛል። ትንሿ ልጁ ለጎረቤት ልጆች «የአባቴ ሥራ መተኛት ነው» ብላ አስረድታለች።

«ዘንድሮም የቀን ሰው ካልሆንክ» አለችው ሚስቱ፣ «ልጅቷ አንተንና ብርድ ልብሱን መለየት ልታቆም ነው።»

ቅዳሜ ሦስት ሰው ተገኘ፤ የቀረው ድንገት ታመመ። ሥራ አስኪያጁና አራሚው አሉ፤ ሦስተኛው «ልክ ነው» የሚባለው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ሲወጣ የሰማ ስለሌለ የወጣለት ስም ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚጋልቡት በሱፍ ሱሪ ነውና ሦስቱም በሱፍ ሱሪ ነበሩ።

ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀመር የሱሪው ስፌትም ሥራውን ጀመረ። አራሚው ፔዳሉን የሚያገኘው ዳሌውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲጥል ነው። በጣለ ቁጥር ስፌቱ ያቺኑ ቦታ ፈልጎ ያገኛታል። ከላይ ፈገግ እንዳለ ከታች ይላጣል።

«እንዴት ነው ጎበዝ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ዞር ሳይሉ። ድምፃቸው ቀጠን ብሏል።

«ልክ ነው!» አለ ልክ ነው፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አንተስ አራሚው?»

«ኧረ እኔስ ሶፋ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ፣ ጌታዬ!»

ዳገት ሲመጣ ሦስቱም ደስ አላቸው፤ ቆሞ ለመርገጥ ሰበብ ነው። ቁልቁለቱንም ቆመው ወረዱት። ሜዳው ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «ከዚህ ሐይቁ ይታይ ይሆን?» እያሉ ብድግ ይላሉ። ሐይቁን የማየት ጉጉት በሁሉም ላይ በረታ።

መንገድ ዳር ሻይ ቤት ደረሱ። ባለቤቷ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ወንበር አምጥተው በጨርቅ ወለወሉ።

«አረፍ በሉ እንጂ ልጆቼ!»

«ይቅር እናቴ፣ ሰውነት እንዳይሰንፍ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ልክ ነው።»

እግራቸውን አንፈራጠው ቆመው ሻይ የሚጠጡትን ሦስት ሰዎች ሴትዮዋ አዩ። «ምን ያለባቸው ናቸው?» ብለው ወንበሮቹን መለሱ።

«እንግዲህ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ሐይቁ ጋ የደረሰ ሰው ሰኞ የቀን ፈረቃውን ይረከባል።»

ብስክሌቱን ዞሮ ያየ የለም።

ይኼኔ ወደ ከተማ የሚመለስ አውቶቡስ አቧራ እያስነሳ መጥቶ ቆመ።

«ከተማ! ከተማ!» አለች ረዳቷ ከበሩ ብቅ ብላ።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። «ለካ ዛሬ የምፈርመው ነገር ነበረኝ» አሉ፤ ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም። ሲጨርሱ አውቶቡሱ በር ላይ ነበሩ። «ልክ ነው»ም ብስክሌቱን ሜዳ ላይ ጥሎ ተከተላቸው።

አራሚው ብቻውን ቀረ። አሁን ሐይቁ ጋ ቢደርስ ቦታው የእሱ ነው፤ ማን ይቀናቀነዋል? ልጁን አሰበ፤ በጠራራ ፀሐይ እጇን ይዞ ከትምህርት ቤት ሲያመጣት ታየው። መሪውን ጨበጠ። እግሩን አነሳ። ኮርቻው ሹል አፍንጫውን ቀስሮ ይጠብቀዋል። እግሩን መለሰ።

እየተንፈራጠጠ ሮጦ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱ ለመግባት እየተጋፉ ነበር።

«ጋሼ፣ አልሰሙኝም እንዴ?» አለች ረዳቷ በክንዷ በሩን ዘግታ። «አንድም ባዶ ወንበር የለም እኮ! እስከ ከተማ በቁም ነው!»

«ገብቶናል!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።